የክልል መሪን ማን ይሹም፣ ማን ያውርድ? የአምስት አገር አሠራር ጎን ለጎን

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። አንዱ «ርዕሰ መስተዳድሩን ሕዝቡ ራሱ በቀጥታ ቢመርጠው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር» አለ። ሌላው ሳቀ። እሱ አንድ ክልል ምክር ቤት ውስጥ ለጥቂት ዓመታት በባለሙያነት ሠርቷል። «አንድ ጉባኤ ላይ አጀንዳው ሲታደል የመጨረሻው መስመር ‹ልዩ ልዩ ሹመቶች› ይላል። ስም የለም። ከሻይ እረፍት በፊት ነባሩ ርዕሰ መስተዳድር ተሸኝቶ አዲሱ ቃለ መሐላ ፈጽሟል። እጁን አውጥቶ የጠየቀ አንድ አባል ነው፤ እሱም የጠየቀው ስለ ውሎ አበል ነው» አለን።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ጦፈ። አንዱ አሜሪካን አነሳ፣ አንዱ ሕንድን፣ ጀርመን ተምሮ የመጣው ደግሞ ጀርመንን። ሁሉም የሚወደውን ቁራጭ ብቻ እየመዘዘ ነበር የሚያወራው። አገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለው ክርክር በየቡናው አለ። ስለዚህ ቤት ገብቼ አምስቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የትኛው አገር ይበልጣል የሚል ውድድር አይደለም። እናንተ የምትፈሩት ነገር ምን እንደሆነ ካወቃችሁ የትኛው እንደሚስማማችሁ ይገባችኋል። የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ የእኛዎቹን ደግሞ በእኛው አቆጣጠር።

መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ማን ይምረጠው?» ከሚለው ነው። እኔ ከሌላኛው ጫፍ ጀምሩ ባይ ነኝ፤ ማን ያወርደዋል? ሹም ሽር የሚለው ቃላችን እኮ ሁለቱን አብሮ ይዟል። ሹም ጆሮውን የሚያዘነብለው ሊሽረው ወደሚችለው ሰው ነው፤ የመረጠው ሕዝብ ሁለተኛ ነው የሚመጣው። ይሄን ጥያቄ ከመለሳችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ሁለተኛው መመዘኛ ምክር ቤቱ መሪውን «አይሆንም» ማለት ይችላል ወይ የሚለው ነው። በሕግም በበጀትም። መሪውስ በተራው የምክር ቤቱን ሕግ ውድቅ ማድረግ ይችላል? ሦስተኛው፣ ማዕከላዊው መንግሥት ክልል ውስጥ የሚገባበት በር የቱ ነው፣ ያላግባብ ከገባስ ማን ይዳኛል? አራተኛው ክልሉ በማዕከል ያለው ድምፅ ነው። አምስተኛው ገንዘብ ነው፤ እሱን ለብቻው አላነሳውም፣ ሁሉም ቦታ ላይ ራሱ ብቅ ይላል።

የእኛው፦ ምክር ቤቱ የሚመርጠው ርዕሰ መስተዳድር

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ክልል መሪ የሚናገረው ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል እንደሆነ፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ እንደሆነ ይደነግጋል። የክልሉን ሕገ መንግሥት የማርቀቅ፣ የማጽደቅና የማሻሻል ሥልጣንም ይሰጠዋል። አንቀጽ 52 ደግሞ ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው ይላል። ርዕሰ መስተዳድሩ እንዴት እንደሚመረጥ የሚወስነው የየክልሉ ሕገ መንግሥት ነው፤ መሠረቱ ግን በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፤ ምክር ቤቱ ይመርጠዋል፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ምክር ቤቱ ጨፌ ይባላል። ሐረሪ ደግሞ አንዱን ምክር ቤት በሁለት ጉባኤ ከፍሎታል፤ አንዱ የሐረሪ ብሔረሰብን ብቻ የሚወክል ነው።

ወረቀቱን ብቻ ካያችሁ ምክር ቤቱ ጉልበተኛ ነው። ይሾማል፣ ይሽራል፣ በጀት ያጸድቃል። ታዲያ ጓደኛዬ ያየው ጉባኤ ከየት መጣ? መልሱ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አይገኝም። ወንበሩን ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ፓርቲ ሲይዘው ሿሚውም ሻሪውም ፓርቲው ይሆናል፣ ምክር ቤቱ እጅ የሚያወጣበት ቦታ ይሆናል። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 ወንበር በሙሉ ወስደው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «ምክር ቤቱ አወረደው» ማለት ማኅተሙን እንጂ እጁን መናገር አይደለም።

አማራ ክልልን ውሰዱ። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለና አረጋ ከበደ በተራ ያን ወንበር ይዘውታል። አምባቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ተገድለዋል፤ እሱ ከሹም ሽር ሂሳብ ውጭ የሆነ ሐዘን ነው። ተመስገን የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት ዋና ዳይሬክተር፣ አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በዚህ ሁሉ መሃል የክልሉ ሕዝብ ምርጫ ጣቢያ የሄደው አንድ ጊዜ፣ ሰኔ 2013 ላይ ነው። ስለ ሰዎቹ ብቃት እያወራሁ አይደለም። አራት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት መሪ ሲፈራረቅ የቢሮ ኃላፊው ዕቅዱን ለማን እንደሚያቀርብ እንኳ ግራ ይገባዋል።

የማዕከሉ በር አንቀጽ 62 ንዑስ 9 ነው። አንድ ክልል ሕገ መንግሥቱን ጥሶ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፌዴራሉ ጣልቃ እንዲገባ ያዛል፤ ዝርዝሩ በአዋጅ 359/1995 ወጥቷል። በጥቅምት 2013 ትግራይ ላይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም የተወሰነው በዚህ በር ነው። አሁን ይሄን አስተውሉ፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመውም ይሄው ምክር ቤት ነው። «ጣልቃ መግባቱ አላግባብ ነው» የሚል ክልል አቤት የሚለው ጣልቃ እንዲገባ ላዘዘው አካል ነው። ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመርም የሚያወጣው እሱ ነው። ሦስቱም ቁልፍ አንድ ኪስ ውስጥ።

አሜሪካ፦ ሕዝብ የሚመርጠው ገዥ

50ዎቹም ግዛቶች ገዥያቸውን በቀጥታ ይመርጣሉ። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው፤ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት ብቻ ሁለት ዓመት። ቨርጂኒያ ውስጥ ገዥ ተከታትሎ ሁለት ጊዜ መመረጥ አይችልም፣ እዚያው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ገና ስሙን ስንለምደው ይሄዳል» ይላል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዲሲ የሚኖረው ወንድሙ ግን ገዥ የሚባል የለውም፤ ዋሽንግተን ዲሲ ግዛት አይደለችማ።

ሻሪው ማን ነው? ፕሬዚዳንቱ አይደለም። ዋይት ሐውስ የፈለገውን ያህል ቢናደድ ገዥ ማባረር አይችልም። ምክር ቤቱም ቢሆን «አልተማመንንብህም» ብሎ አያወርደውም፤ ከሶ፣ መርምሮ፣ ፈርዶ ነው። ኢሊኖይ በጥር 2009 ሮድ ብላጎየቪችን ያወረደችው የግዛቱ ሴኔት 59 ለ 0 ድምፅ ሰጥቶ ነው፤ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጭምር። በአንዳንድ ግዛቶች ሕዝቡ ራሱ ፊርማ አሰባስቦ በድምፁ ሊያወርደው ይችላል። ካሊፎርኒያ በ2003 ግሬይ ዴቪስን አውርዳ አርኖልድ ሽዋርዝኔገርን የሾመችው እንዲህ ነው፤ በ2021 ጋቪን ኒውሰም ላይ የተሞከረው ግን ከሽፏል።

ገዥው የምክር ቤቱን ሕግ ውድቅ ማድረግ ይችላል። ሰሜን ካሮላይና ይሄን ሥልጣን ለገዥዋ የሰጠችው በ1996 ነው፣ ከሁሉም መጨረሻ። አብዛኞቹ ዘንድ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይቀለብሰዋል። ምክር ቤቶቹ ራሳቸው በጣም ይለያያሉ። ከኔብራስካ በቀር ሁሉም ባለ ሁለት ቤት ናቸው። ቴክሳስን የሚያህል ግዛት ምክር ቤት በሁለት ዓመት አንዴ፣ ለ140 ቀን ነው መደበኛ ስብሰባ የሚቀመጠው፤ አባሉ በዓመት 7,200 ዶላር ይከፈለዋል። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ገዥው ብቻውን ነው። «ጠንካራ ምክር ቤት» ሲባል እንግዲህ የትኛው ግዛት ብላችሁ ጠይቁ።

በማዕከል ያለው ድምፅ? ድሮ ሴናተሮችን የሚመርጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። በ1913 የጸደቀው 17ኛው ማሻሻያ ለሕዝቡ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤቶቹ ዋሽንግተን ውስጥ የራሳቸው ወንበር የላቸውም። በምትኩ የራሳቸው ግብር አላቸው። ቴክሳስና ፍሎሪዳ የደመወዝ ግብር አንጥልም ብለው በሌላ ይሰበስባሉ፤ ያ የራሳቸው ውሳኔ ነው። የአሜሪካው ገዥ አንገቱን ቀና የሚያደርገው በዚህ ነው።

ናይጄሪያ፦ ያው ልብስ በሌላ ሰው ላይ

ናይጄሪያን ያመጣሁት «በቀጥታ ይመረጥ» ለሚሉት ነው። የ1999ኙ ሕገ መንግሥት ከአሜሪካ ብዙ ወስዷል። 36 ግዛቶች፣ በቀጥታ የሚመረጥ ገዥ፣ አራት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ምክር ቤቱ አንድ ቤት ብቻ ነው።

አንድ የምወድላቸው ነገር አለ። ገዥ ለመሆን ብዙ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ በግዛቱ ካሉት የአካባቢ አስተዳደሮች ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ውስጥ ሩብ ሩብ ድምፅ ማግኘት አለበት። አንዱን አካባቢ ብቻ ይዞ ማሸነፍ አይቻልም። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

የማልወደውስ? አንቀጽ 308። ገዥው ሥልጣን ላይ እያለ በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም አይከሰስም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረታችን እዚያ ሕግ ሆኗል። ገንዘቡ ደግሞ በየወሩ ከፌዴራሉ ቋት ይመጣል፣ ብዙው የነዳጅ ነው፣ በእጁ የሚይዘውም ገዥው ነው። ግብር ከፋዩ «ገንዘቤን ምን አደረግከው» ብሎ የሚጮህበት ምክንያት ይቀንሳል። እኛስ ድጎማ የሚበዛበት ክልል ውስጥ ይሄንኑ አናይም?

ሪቨርስ ግዛት የሆነውን ስሙ። በ2023 የተመረጡት ገዥ ሲሚናላዪ ፉባራ ከቀድሞው ገዥ ከኒየሶም ዊኬ ጋር ተጣሉ። ከምክር ቤቱ 32 አባላት 27ቱ ከዊኬ ጎን ቆሙ። የምክር ቤቱ ሕንፃ ተቃጠለ፣ በታኅሣሥ 2023 ደግሞ ጭራሽ ፈረሰ። ገዥው በጀታቸውን በጣት ለሚቆጠሩ ደጋፊ አባላት አቅርበው አጸደቁ። መጨረሻ ላይ መጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ቦላ ቲኑቡ የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው ገዥውንም፣ ምክትላቸውንም፣ ምክር ቤቱንም ለስድስት ወር አገዱና ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል አዛዥ ሾሙ። ሕገ መንግሥቱ ለአዋጁ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ግን ሳይቆጥሩ «አዎ» እና «አይ» በማስጮህ አለፉት። በቀጥታ መመረጥ ያን ቀን ፉባራን አላዳናቸውም።

ሕንድ፦ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር

ሕንድ ውስጥ 28ቱም ግዛቶች ሁለት መሪ አላቸው። አንዱ ዋና ሚኒስትር ነው፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ብዙ ወንበር ያለው፣ ሥራውን የሚሠራው። ሌላው ገዥ ነው፣ ከዴልሂ የሚላክ። ገዥውን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ያም ማለት በተግባር የማዕከሉ ካቢኔ። የሚቆየውም ፕሬዚዳንቱ እስከፈቀደ ድረስ ነው። የእኛ አያቶች ይሄን ሰውዬ አይተው ወዲያው ያውቁት ነበር፤ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ።

እንደራሴው ለክብር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን ሕግ ፈራሚው እሱ ነው። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ይፈርማል፣ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ለፕሬዚዳንቱ ብሎ ያስቀምጠዋል። ወይም ዝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ታሚል ናዱ ውስጥ ገዥው አር.ኤን. ራቪ አሥር ሕጎችን ይዘው ቆዩ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችን የመሾም ሥልጣን ከራሳቸው ከገዥው የሚወስዱ ነበሩ፤ ሰውዬው የራሳቸውን ሽረት እንዲፈርሙ ነው የተጠየቁት። ሚያዝያ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አሥሩም እንደተፈረሙ ይቆጠሩ አለ፣ የጊዜ ገደብም አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር አምስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት ደግሞ ፍርድ ቤት የጊዜ ገደብ ማስቀመጥም፣ «እንደተፈረመ ይቆጠር» ማለትም አይችልም የሚል አስተያየት ሰጠ። ገዥው ለዘለዓለም ይዞ መቀመጥ ግን አይችልም ብሏል። እስቲ እንግዲህ የታሚል ናዱ ምክር ቤት አባል ብትሆኑ ሕጋችሁ የትኛው ቀን ሕግ እንደሚሆን ታውቁታላችሁ?

ከባዱ መሣሪያ አንቀጽ 356 ነው። ማዕከሉ «ግዛቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊተዳደር አልቻለም» ብሎ መንግሥቱን አሰናብቶ ራሱ ያስተዳድራል። በ1959 ኬረላ ላይ ተመርጦ የመጣውን የኮሚኒስቶች መንግሥት ያሰናበቱት በዚህ ነው። እስከዛሬ ከ100 ጊዜ በላይ ሥራ ላይ ውሏል። ለውጡ የመጣው በ1994 ቦማይ በተባለው መዝገብ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ዋና ሚኒስትር ድጋፍ አለው ወይስ የለውም የሚለው በገዥው ሳሎን አይለካም፣ ምክር ቤቱ ወለል ላይ በድምፅ ይለካ አለ፤ ማሰናበቱንም ፍርድ ቤት ሊመረምረው ይችላል አለ። ከዚያ ወዲህ አንቀጹ እንደ ቀድሞው እንደፈለገ አይመዘዝም። የሕንድን ገዥ ማንም እንዲቀዳ አልመክርም። የሕንድን ፍርድ ቤት ግን ባገኝ ዛሬውኑ እቀዳለሁ።

ጀርመን፦ ምክር ቤቱ ይመርጣል፣ መሪው በርሊን ላይ ይቀመጣል

በቅርጽ ለእኛ የሚቀርበው ይሄ ነው። 16 ግዛቶች። የግዛቱ ምክር ቤት መሪውን ይመርጣል፣ ያወርዳል። ከእኛ የሚለየው ቁም ነገር በአብዛኞቹ ግዛቶች ተተኪውን ሳይመርጡ ነባሩን ማውረድ አለመቻሉ ነው። «ይውረድልን» ብቻ አይበቃም፣ «ማን ይተካው» የሚለውን በእጅህ ይዘህ መምጣት አለብህ። እዚያ አንድ ፓርቲ ብቻውን ብዙም አይገዛም፤ በጥምር ነው። ስለዚህ የምክር ቤቱ ድምፅ እውነተኛ ድርድር አለው።

ሁለተኛው ነገር ቡንደስራት ነው፣ ግዛቶቹ በማዕከል የሚወከሉበት ምክር ቤት። 69 ድምፅ አለው፣ ለእያንዳንዱ ግዛት ከሦስት እስከ ስድስት። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት የግዛቶቹ መንግሥታት ራሳቸው ናቸው። ድምፃቸውም አይከፈልም፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ነው የሚሰጡት። መጋቢት 2002 የስደተኞች ሕግ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የብራንደንቡርግ ተራ ደረሰ። አንዱ ሚኒስትር አዎ አለ። የጥምረቱ ሌላኛው ፓርቲ ሰው ዮርግ ሽዮንቦም አይ አለ። ሰብሳቢው ክላውስ ቮቬራይት ወደ መሪው ወደ ማንፍሬድ ሽቶልፐ ዞሮ ደገመ፤ አዎ አሉ። አዎ ተብሎ ተመዘገበ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ታኅሣሥ ላይ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የብራንደንቡርግ ድምፅ አንድ ስላልነበር አይቆጠርም ብሎ ሕጉን በሙሉ ጣለው። አንድ ግዛት ተከፍሎ ስለመለሰ የአገሪቱ ሕግ ወደቀ። ክልል በማዕከል ድምፅ አለው ማለት ይሄ ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ? የግዛት ምክር ቤቶቹ። በርሊን የሚሄደው መሪው እንጂ እነሱ አይደሉም። ምክር ቤቶቹ የሚቀራቸው ትምህርት ቤት፣ ፖሊስና እንዲህ ያለው ነው። የማዕከሉ በር አንቀጽ 37 ተጽፎ አለ፣ እስከዛሬ ግን አልተከፈተም።

ሁሉም በአንድ ሠንጠረዥ

| አገር | ማን ይመርጠዋል | ማን ያወርደዋል | ሕግ ውድቅ ማድረግ | የማዕከሉ በር | በማዕከል ድምፅ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢትዮጵያ | የክልል ምክር ቤት | ምክር ቤቱ፤ በተግባር ፓርቲው | አይችልም | በፌዴሬሽን ምክር ቤት ትእዛዝ | የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ የክልል ምክር ቤቶች በሚመርጧቸው አባላት |
| አሜሪካ | ሕዝብ | ምክር ቤቱ ከሶ፤ አንዳንድ ቦታ ሕዝቡ | ይችላል | ገዥን ማውረድ አይችልም | ሴናተሮች፣ በሕዝብ የተመረጡ |
| ናይጄሪያ | ሕዝብ፣ በስርጭት መስፈርት | ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛና በምርመራ | ይችላል | የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ | ሴናተሮች፣ በሕዝብ የተመረጡ |
| ሕንድ | ዋና ሚኒስትሩን ምክር ቤቱ፣ ገዥውን ዴልሂ | ምክር ቤቱ፤ ገዥውን ዴልሂ | ገዥው ይዞ ሊያቆይ ይችላል | አንቀጽ 356፣ ፍርድ ቤት የሚመረምረው | ላይኛው ምክር ቤት፣ ግዛቶች የሚመርጡት |
| ጀርመን | የግዛት ምክር ቤት | ምክር ቤቱ፣ በአብዛኛው ከነተተኪው | አይችልም | አንቀጽ 37፣ ተከፍቶ አያውቅም | ቡንደስራት፣ መሪዎቹ ራሳቸው |

ታዲያ የትኛውን?

የምትፈሩት የአዲስ አበባን ረጅም እጅ ከሆነ በቀጥታ የተመረጠ ገዥ ብቻውን አያድናችሁም፣ ሪቨርስን አይታችኋል። መጀመሪያ የምትጠይቁት ጣልቃ ገብነቱን የሚመረምር ነፃ ፍርድ ቤት ነው። ቀጥሎ የራስ ግብር። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ የገዥው የምርጫ ካርድ ጌጥ ነው።

የምትፈሩት የክልሉን ጉልበተኛ ከሆነ ደግሞ፣ በተለይ ክልላችሁ ብዙ ብሔረሰብ የሚኖርበት ከሆነ፣ ከቀጥታ ምርጫ ራቁ። ጋምቤላን ወይም ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አስቡት፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል ቢባል ተሸናፊው ሁልጊዜ ማን እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቃል። የግድ በቀጥታ ይሁን ካላችሁ የናይጄሪያን የሩብ ድምፅ ደንብ ጨምሩበት። ከናይጄሪያ የምወስደው እሱን ብቻ ነው። ያለመከሰሱን እዚያው ተዉት፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለሚባልበት አገር አይሆንም።

የመሪዎች መፈራረቅ ያስመረራችሁ የጀርመኑን ደንብ ውሰዱ፣ ከነተተኪው ካልሆነ አይወርድም የሚለውን። ግን አንድ ፓርቲ ሁሉንም በያዘበት ምክር ቤት ተተኪ ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ስሙ ከላይ ተጽፎ ይመጣል። ስለዚህ ከምርጫ ሥርዓቱ ጋር አያይዙት። ወንበር ባገኙት ድምፅ ልክ ቢከፋፈል ምክር ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል፣ ድርድር ይጀመራል። እኔ ከሁሉም በላይ የማደላው ወደዚህ ነው፤ የምክር ቤት መሪ፣ ከነተተኪው የሚወርድ፣ በድምፅ ልክ በተከፋፈለ ምክር ቤት ፊት።

የሕንዱን ገዥ ለማንም አልመክርም ብያለሁ፣ እደግመዋለሁ።

ወጪውስ? የቀጥታ ምርጫ ውድ ነው። ሌላ የድምፅ መስጫ ወረቀት፣ ሌላ ዘመቻ፣ ሌላ የምርጫ ክርክር ችሎት። ነፃ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በገንዘብ ርካሽ ነው፣ በፖለቲካ ግን ከሁሉም ውድ። በጣም ርካሹ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ነው። የዕጩው ስም ከጉባኤው አሥር ቀን በፊት ለአባላት ይድረስ፣ ዕጩው መጥቶ ይጠየቅ፣ ድምፁ በምስጢር ይሰጥ። ወጪው የወረቀትና የሻይ ነው። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው «የሻዩን በጀት እንኳ ያጸድቁታል» አለኝ።

የቱ ነገር በየት በር ይገባል

የርዕሰ መስተዳድር አመራረጥ ያለው በክልሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ለውጡን የሚጀምረው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ወደ ቀጥታ ምርጫ መሄድ ከፈለገ ግን አንቀጽ 45 ፊቱ ይቆማል፤ የመንግሥቱ ሥርዓት ፓርላሜንታዊ ነው ይላል። ይሄ ፌዴራሉን ብቻ ነው ወይስ ክልሎችንም የሚያስረው? ያከራክራል፣ ፈራጁ ደግሞ መልሶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ትርጉሙን ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አውጥቶ ለፍርድ ቤት መስጠት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ማሻሻል ይጠይቃል። ሐሳቡን ለማመንጨት ከሚቻሉት መንገዶች አንዱ የክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛ በየጉባኤያቸው በድምፅ ብልጫ መደገፋቸው ነው፤ ዛሬ 12 ክልል ስላለ አራት ምክር ቤት ይበቃል። ለማጽደቅ ግን ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ፣ በተጨማሪም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በየራሳቸው በድምፅ ብልጫ፣ ማለትም ስምንቱ። የሰብአዊ መብት ምዕራፉን የሚነካ ከሆነማ ሁሉም ክልሎች መስማማት አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ምንም ማሻሻያ አይፈልግም። አንቀጽ 61 ንዑስ 3 የክልል ምክር ቤት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላቱን ራሱ ሊመርጥ፣ ወይም በሕዝቡ በቀጥታ እንዲመረጡ ሊያደርግ ይችላል ይላል። እስካሁን ያየነው ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ሲመርጡ ነው። ከ12ቱ አንዱ በሚቀጥለው ምርጫ ሁለተኛውን ልሞክር ቢል ሕጉ ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጦለታል።